ካምቢዮው ላይ ከመፍረድዎ በፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የተሠራችው ኮሮላዬ ጋራዥ ገብታ የሞተር ጽዳት ተደረገላትና ወጣች፡፡ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ ላይ 268 ሺሕ ይነበብ ነበር፤ እኔ እጅ ከመግባቷ በፊት የተቆረጠ ካለ እግዜር ይወቀው፡፡ እስከዚያ ቀን ድረስ ማርሽ ስትቀያይር የማይሰማኝ መኪና ከሰኞ ጀምሮ ጠባይዋ ተለወጠ፡፡ ሞተሯ እየጮኸ ማርሽ ሳትቀይር ትቆይና፣ ስትቀይር ደግሞ ከኋላ የተገጨሁ እስኪመስለኝ ድረስ ታንገጫግጨኛለች፡፡

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፡፡ ወጣቱ መካኒክ አንድ ዙር ነድቷት ተመለሰና፣ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ‹‹ጋሼ፣ ካምቢዮው በቃ አልቋል፡፡ ሌላ ይፈለግ›› አለኝ፡፡ የጠራልኝ ዋጋ የሦስት ወር ደመወዜን የሚያህል ነበር፡፡ በምን እንዳወቀ ስጠይቀው ‹‹ኪሎ ሜትሩን አያዩትም እንዴ?›› አለ፡፡

ሕግ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል፡፡ ዕድሜ ለጥርጣሬ ይበቃ ይሆናል፤ ለፍርድ ግን አይበቃም፡፡ ስለዚህ መኪናዬን ይዤ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ፡፡ እሳቸው መጀመሪያ ያነሱት ጥያቄ ስለ ኪሎ ሜትሩ አልነበረም፡፡ ‹‹በቅርቡ ምኗ ተነካ?›› አሉኝ፡፡ ስለ ሞተር ጽዳቱ ስነግራቸው ኮፈኑን ከፈቱና፣ ከነዳጅ ፔዳሉ ጋር አብሮ እየተሳበ ለካምቢዮው ‹‹ሾፌሩ ይህን ያህል ረግጧል›› ብሎ የሚናገረውን ቀጭን ሽቦ አሳዩኝ፡፡ ጽዳት ሲደረግ ተፈቶ፣ ሲመለስ ከልኩ በላይ ተወጥሮ ታስሯል፡፡ ካምቢዮዋ እኔ ነዳጁን እስከ መጨረሻው የረገጥኩ እየመሰላት ነበር የምትዘገየውና የምትንገጫገጨው፡፡ በሁለት መፍቻና በሩብ ሰዓት ሥራ ተስተካከለች፡፡

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ሩብ ሰዓት ነው፡፡ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አሁን እጃችን ላይ ያሉትን መኪናዎች ከድሮው ረዘም ላለ ጊዜ ልንነዳቸው ግድ ይሆናል፡፡ ብዙ የሄደ አውቶማቲክ መኪና ያለው ሰው ‹‹ካምቢዮው አልቋል›› የሚለውን ቃል አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም፡፡ ያን ቀን ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚያይና ከየትኛው እንደሚጀምር ቢያውቅ ኪሱን ያድናል፡፡ እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ከዚህ በታች ያሰፈርኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጠየቅ፣ በማንበብና በራሴ መኪና ላይ በመሞከር የተማርኩትን ነው፡፡

በውስጡ ያለው ምንድን ነው?

በማንዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውና የሚያለያየው እግራችን የሚረግጠው ፍሪሲዮን ነው፡፡ በአውቶማቲክ ግን በሁለቱ መካከል ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ አለ፡፡ ሞተሩ ዘይቱን ያሽከረክራል፤ ዘይቱ ደግሞ ካምቢዮውን፡፡ ማርሽ የሚቀየረው በካምቢዮው ውስጥ የተደረደሩ ስስ የፍሪሲዮን ሸክላዎችን የዘይት ግፊት ሲያጣብቃቸውና ሲለቃቸው ነው፡፡ ግፊቱ ወደ የትኛው ይሂድ የሚለውን ሶሌኖይድ የሚባሉ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትናንሽ ቫልቮች ይወስናሉ፤ እነሱን የሚያዘው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ነው፡፡

ከዚህ ዋናውን ቁም ነገር እንያዝ፡፡ በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ኃይል የሚያስተላልፈውም፣ ሸክላዎቹን የሚያጣብቀውም፣ ሙቀቱን ይዞ የሚወጣውም እሱ ነው፡፡ ስለዚህ ዘይቱ ሳይታይ ስለ ካምቢዮ የሚሰጥ አስተያየት ሁሉ ሟርት ነው፡፡

ገንዘብ ሳይወጣ የሚታዩ

አንደኛ፣ ከበሽታው በፊት የተነካ ነገር ካለ ያስታውሱ፡፡ ባትሪ ተቀይሯል? ሞተር ተፈትቷል? ዘይት ተጨምሯል? ችግሩ ከጋራዥ በወጡ ማግሥት የጀመረ ከሆነ፣ ምርመራው ከተነካው ቦታ ይጀምር፡፡ የደከመ ባትሪና የላላ ወይም የዛገ የባትሪ ገመድ እንኳ ሶሌኖይዶቹንና ኮምፒዩተሩን ሊያሳስታቸው ይችላል፡፡

ሁለተኛ፣ ማርሽ መያዣው ላይ ያለችውን ትንሽ የኦቨር ድራይቭ ቁልፍ ይመልከቱ፡፡ በእጅ ወይም በልጅ ሳይታሰብ ስትነካ አራተኛው ማርሽ ይከለከላል፤ መኪናው በረጅም መንገድ ላይ እየጮኸ ይሄዳል፣ ነዳጅም ይበላል፡፡ በዚህች ቁልፍ ምክንያት ጋራዥ የሄደ ሰው አውቃለሁ፡፡ በብዙ ቶዮታዎች ዳሽቦርድ ላይ ‹‹ኦ/ዲ ኦፍ›› የሚለው መብራት ዝም ብሎ ከበራ ቁልፏ ተነክታለች ማለት ነው፤ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ኮምፒዩተሩ እውነተኛ ብልሽት መዝግቧል፡፡

ሦስተኛ፣ ዘይቱ፡፡ መለኪያ ዘንግ ባላቸው አብዛኞቹ መኪናዎች የሚለካው መኪናው 15 ወይም 20 ደቂቃ ከተነዳ በኋላ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ሁሉም ቦታ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ነክቶ ‹‹ፒ›› ላይ ተመልሶ ነው፡፡ ሆንዳን የመሰሉ ሞተሩ ጠፍቶ የሚለካላቸው ስላሉ የመኪናውን መጽሐፍ ማየት ይበጃል፡፡ መለኪያ ዘንግ ጭራሹን የሌላቸው አዳዲሶቹ ደግሞ ከሥር ባለ ቡሽ፣ በተወሰነ የዘይት ሙቀት የሚለኩ ስለሆኑ የባለሙያ ሥራ ናቸው፡፡

መጠኑን ካዩ በኋላ ጠብታውን ነጭ ጨርቅ ወይም ሶፍት ላይ ያኑሩት፡፡ ጥርት ያለ ቀይ ጤነኛ ነው፡፡ ወደ ቡናማ ያደላ ያረጀ ዘይት ነው፤ ካምቢዮው ግን ደህና ሊሆን ይችላል፡፡ ጠቁሮ የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ ሸክላዎቹ እየተቃጠሉ ነው፡፡ ወተት እንደገባበት ሻይ ደፍርሶ ሮዝ ከመሰለ ደግሞ መኪናውን ያቁሙት፤ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውኃ ከዘይቱ ተቀላቅሏል፡፡ ውኃ የሸክላዎቹን ማጣበቂያ ስለሚያላቅቅ አንድ ቀን መንዳት እንኳ ዋጋ ያስከፍላል፡፡

አራተኛ፣ መኪናው ያደረበትን መሬት ይዩ፡፡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የመኪናው ማቆሚያ ላይ ቀይ ጠብታ ለወራት ሲያይ ከርሟል፡፡ ‹‹ትንሽ ናት›› ይል ነበር፡፡ ከጎጃም ሲመለስ የአባይን በረሃ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ፣ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ በሆነው ዳገት አጋማሽ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው መሄድ አቆመ፡፡ ዘይቱ ሲያንስ ግፊቱ ወርዶ ሸክላዎቹ እየተንሸራተቱ ተቃጥለው ነበር፡፡ የእሱ ካምቢዮ በእርግጥ ያለቀ ነበር፤ የጨረሰው ግን ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ላይ ያለ አንድ ርካሽ ኦይል ሲል ነው፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው፡፡

አምስተኛ፣ ጥፋቱ የሞተሩ እንዳይሆን፡፡ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፡፡ በዚያ ላይ ካንዴላው ያረጀ ወይም ነዳጅ ፊልትሮው የተዘጋ ከሆነ መኪናው ወደ እንጦጦ ሲወጣ ያቃስታል፡፡ መለያው ቀላል ነው፡፡ የሞተር ዙሩ እየወጣ ፍጥነቱ ካልጨመረ ካምቢዮው ይንሸራተታል፤ ዙሩም ፍጥነቱም አብረው ካልወጡ ሞተሩ ደክሟል፡፡

በመንገድ ላይ የሚደረግ ምርመራ

ከዚህ በኋላ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንይ፡፡ ጋራዥ ስትሄዱ ‹‹ማርሹ አስቸገረኝ›› ከማለት መቼ፣ በስንት ፍጥነት፣ በብርድ ወይስ በሙቀት፣ በየትኛው ማርሽ የሚለውን መናገር ግማሽ ምርመራ ነው፡፡

ማርሽ ዘግይቶ መግባት፡፡ ፍሬን ረግጠው ከ‹‹ኤን›› ወደ ‹‹ዲ›› ያስገቡና በስልክዎ ሰዓት ይለኩ፡፡ በቶዮታ የጥገና መጻሕፍት የሚፈቀደው እስከ 1.2 ሰከንድ ነው፤ ወደ ‹‹አር›› ደግሞ እስከ 1.5 ሰከንድ፡፡ ጠዋት ብቻ ዘግይቶ ቀን የሚስተካከል ከሆነ፣ ዘይት ማነስ ወይም ዕድሜ ያደረቃቸው የውስጥ ጎማዎች ይጠረጠራሉ፡፡ ሲሞቅ የሚብስ ከሆነ ግን ግፊት እያነሰ ነውና ቀጠሮ አያብዙ፡፡

መንሸራተት፡፡ በሁሉም ማርሽ ከሆነ መንስኤው የጋራ ነው፤ የዘይት ማነስ፣ የተዘጋ ፊልትሮ ወይም የደከመ ፓምፕ፡፡ በአንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ የዚያ ማርሽ ሸክላ ወይም ሶሌኖይድ ነው፡፡ ወደፊት ደህና ሄዶ ወደኋላ እንቢ የሚል ካምቢዮም በዚሁ ይታያል፡፡ ይህ ልዩነት ‹‹ሙሉው ይቀየር›› እና ‹‹ይህ ክፍል ይጠገን›› በሚሉት መካከል ያለ ልዩነት ነው፡፡

መንገጫገጭ፡፡ በመንገድ ላይ ማርሽ ሲቀየር ከሆነ ያ የነዳጅ ሽቦ፣ ሶሌኖይድ ወይም ሴንሰር ይጠረጠራል፡፡ ሽቦው ከልኩ በላይ ሲወጠር ማርሹ ይዘገያል፣ ይመታልም፤ ሲላላ ደግሞ ቶሎና ለስለስ ብሎ ይቀይራል፣ ሸክላውንም በዝምታ ያቃጥላል፡፡ የላላው ስለማያስቸግር የበለጠ አደገኛ ነው፡፡ ቆመው ‹‹ዲ›› ወይም ‹‹አር›› ሲያስገቡ ብቻ ‹‹ጓ›› የሚል ከሆነ ግን በመጀመሪያ ሞተሩንና ካምቢዮውን ከሻንሲው ጋር የሚይዙት ጎማዎች ይታዩ፡፡

መንቀጥቀጥ፡፡ በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በለሰለሰ አስፋልት ላይ ኮረኮንች የገቡ ይመስል መኪናው ለጥቂት ሰከንድ የሚርበተበት ከሆነ፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው መቆለፊያ ሊሆን ይችላል፡፡ ነዳጁን ሳይለቁ በግራ እግር ፍሬኑን በጣም በስሱ ነካ ያድርጉ፤ መቆለፊያው ይለቃል፡፡ መንቀጥቀጡ ወዲያው ከቆመ ተጠርጣሪው ተገኝቷል፤ ካልቆመ ጎማ፣ ቸርኬና ካንዴላ ይመርመሩ፡፡ ይህ ሙከራ ከኋላ መኪና በሌለበት ገላጣ መንገድ ላይ ብቻ ይደረግ፡፡

ድምፅ፡፡ ቆሞ ‹‹ፒ›› ላይ እያለ ከሞተሩ ዙር ጋር እየጨመረ የሚያፏጭ ከሆነ ፓምፑ ወይም የተዘጋ ፊልትሮ ነው፡፡ ከመኪናው ፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚያጉረመርም ከሆነ ግን ኩሽኔታ ወይም ዲፈረንሺያል ነው፤ ብዙ ጊዜም የጎማ ኩሽኔታ ሆኖ ይገኛል፡፡

በአንድ ማርሽ ተቸንክሮ መቅረት፡፡ መኪናው በድንገት ከሦስተኛ ማርሽ እየተነሳ ካቃሰተ፣ ኮምፒዩተሩ ጉዳት እንዳይብስ ራሱን ወደ መከላከያ ሥርዓት አስገብቷል፡፡ ይህ ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፤ አንድ የተበጠሰ ገመድ ሊሆን ይችላል፡፡

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፡፡ ፍሬን ይዞ ነዳጅ እስከ መጨረሻው መርገጥ ባለሙያዎች ከአምስት ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ የሚያደርጉት ምርመራ ነው፡፡ በአዛውንት ካምቢዮ ላይ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም፡፡

ኮምፒዩተሩ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ ብዙ መኪናዎች በመመርመሪያ መሣሪያ የሚነበብ የብልሽት ቁጥር ይመዘግባሉ፡፡ ‹‹ፒ0700›› ማለት ‹‹ካምቢዮው የሚናገረው አለ›› ከማለት አያልፍም፡፡ ‹‹ፒ0715›› የመግቢያ ፍጥነት ሴንሰሩን፣ ‹‹ፒ0740›› የቶርክ ኮንቨርተር መቆለፊያውን፣ ‹‹ፒ0750›› የመጀመሪያውን የማርሽ ሶሌኖይድ ይጠቁማሉ፡፡ ቁጥሩ ግን የሚናገረው ኮምፒዩተሩ የት ቦታ ያልጠበቀውን እንዳየ ነው፤ ሴንሰሩ ይሁን፣ ገመዱ ይሁን ወይስ ሸክላው አይለይም፡፡ መካኒኩ ቁጥሩን አንብቦ ‹‹ሶሌኖይድ ይገዛ›› ካለ፣ ገመዱንና የሶሌኖይዱን የኤሌክትሪክ ልክ ለክቶ እንደሆነ ይጠይቁት፡፡ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ሳያሰፍር አስጠፍቶ መሄድም ማስረጃ ማጥፋት ነው፡፡

ዘይት ይቀየር ወይስ አይነካ?

‹‹ብዙ የሄደ ካምቢዮ ዘይቱ ከተቀየረ ይሞታል›› የሚል አባባል በየጋራዡ ይሰማል፡፡ ግማሽ እውነት አለበት፡፡ ቀድሞውንም እየተንሸራተተ ያለ ካምቢዮ በአዲስ ዘይት አይድንም፤ አንዳንዴም አሮጌው ዘይት ውስጥ የተበተነው የሸክላ ብናኝ ነበር የሚያንጠለጥለው፡፡ ባለቤቱ ዘይት የሚያስቀይረው ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ ሞቱ ሲመጣ ጥፋቱ በአዲሱ ዘይት ይላከካል፡፡

በደህና የሚሠራ ካምቢዮ ግን ዘይቱ አርጅቶ መቆየቱ አይጠቅመውም፡፡ አስተማማኙ መንገድ በማሽን ግፊት ማጠብ ሳይሆን ከሥር ቡሹን ከፍቶ ማፍሰስና በወረደው ልክ መሙላት ነው፡፡ ከፊሉ ዘይት ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ስለሚቀር በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከግማሽ አይበልጥም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገማል፡፡ ከሥር ያለው ሳህን ሲወርድ እርስዎም ይገኙ፡፡ ማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ቅባት ቢኖር የዕድሜ ነው፡፡ በጣት የሚቆረቁር የብረት ፍንካች ወይም ጥቁር የሸክላ ቅርፊት ከታየ ግን ካምቢዮው ራሱ መስክሯል፡፡

ዘይቱ ‹‹ቀይ ሁሉ አንድ ነው›› ተብሎ አይገዛም፡፡ ዴክስሮን፣ የቶዮታ ቲ-4 እና ደብሊው ኤስ የተለያዩ ናቸው፡፡ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ለጃፓን ገበያ ከተሠሩ ቪትዞች ብዙዎቹ በቀበቶ የሚሠራ ሲቪቲ ካምቢዮ ያላቸው ናቸው፡፡ ለእነሱ ተራ የካምቢዮ ዘይት መሙላት መግደል ነው፡፡

መቀየሩ ግድ ሲሆን

ማስረጃው ሁሉ ተሰምቶ ፍርዱ ይቀየር ከሆነ፣ ያገለገለ ካምቢዮ ወደሚሸጥበት ወደ ሱማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲሄዱ የመኪናዎን የካምቢዮ መለያ ቁጥር ጽፈው ይሂዱ፡፡ ሞተሩ አንድ ሆኖ ካምቢዮው የሚለያይ አለ፡፡ የሚገዙትንም ዘይት ያስጠብጡና ይዩት፣ ያሽትቱት፡፡ ተገጥሞ የሚሞከርበትን ቀን፣ ካልሠራም የሚመለስበትን ሁኔታ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፡፡ ከመገጠሙ በፊት የዘይት ማቀዝቀዣው ቱቦዎች ይታጠቡ፤ አለዚያ የሟቹ ብናኝ አዲሱን ይገድለዋል፡፡

ያገለገለ መኪና ለሚገዙ

መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ለማየት ይቅጠሩ፡፡ ሲደርሱ ኮፈኑ ሞቆ ካገኙት ‹‹ቀደም ብዬ አስነስቼው ነበር›› የሚለውን ደላላ አመስግነው ሌላ ቀን ይመለሱ፡፡ የጠዋት መዘግየት የሚታየው ያኔ ነው፡፡ ከዚያም ዳገት፣ ከዚያም የመኪና መጨናነቅ፣ በመጨረሻም ሲሞቅ ‹‹አር›› ይሞከር፡፡

ከገዙ በኋላ ጉድለት ቢወጣስ? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ዕቃ ለተለመደው አገልግሎት እንዳይውል የሚያደርግ ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ነው ይላል፡፡ ገዥው ግን እንደተረከበ ፈጥኖ መመርመር፣ ጉድለቱን እንዳገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ካስታወቀ በኋላም ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይጠበቅበታል፡፡ ‹‹መኪናውን አይቼና መርምሬ ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ›› የሚለው የተለመደ ቃል ገዥውን ያዳክመዋል፡፡ ሆኖም ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ደብቆ ከሆነ ያ ቃል አያድነውም፡፡ ችግሩ ተንኮሉን ማስረዳቱ ላይ ነው፡፡ ስለዚህ ቀንና ኪሎ ሜትር የተጻፈበት የጋራዥ ምርመራ ወረቀት በገዙ ሰሞን ያውጡ፣ ማስታወቂያውንም በጽሑፍ ያድርጉት፡፡ በቃል ‹‹ነግሬው ነበር›› ማለት ችሎት ፊት ብዙ አይራመድም፡፡

ኮሮላዬ ዛሬም አለች፡፡ በዓመት አንድ ጊዜ ዘይቷ በከፊል ይለወጣል፣ ማቆሚያዋ ሥር ካርቶን አነጥፌ ጠብታ እፈልጋለሁ፡፡ አንድ ቀን ካምቢዮዋ በእርግጥ ያልቅ ይሆናል፤ ብረት ነውና፡፡ ያን ቀን ግን ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ዘይቱ ታይቶ፣ ሽቦውና ገመዱ ተለክቶ፣ ፍርዱ በማስረጃ ሲሰጥ እከፍላለሁ፡፡ እስከዚያው ‹‹ኪሎ ሜትሩን አያዩትም እንዴ?›› ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ አየሁት፣ ቀጥሎ ምን አገኘህ?